እንግዳው የሚከፍለው ለሌሊቱ ነው

ከደጀን ተነስቶ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በእንጅባራ አድርጎ ባሕር ዳር እስኪገባ ድረስ በመንገዱ ግራና ቀኝ አዲስ ፔንሲዮን ሲሠራ ገንዘቡ ቀድሞ የሚያልቀው ፊት ለፊቱ ላይ ነው። መስታወቱ ያብለጨልጫል፣ እንግዳ መቀበያው ሰፋፊ ሶፋ ይገባበታል፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ይሰቀላል። እንግዳው ግን ቦርሳውን ሳያወርድ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ «አልጋ አለ? ሻወሩ የግል ነው? ውሃው ይሞቃል? ቁርስ አብሮ ነው?» አራቱም ጥያቄዎች ስለ ሌሊቱና ስለ ማግስቱ ጠዋት ናቸው። አልጋና ቁርስ የሚሰጥ ቤት፣ ይልቁንም ከመኖሪያ ግቢው ሦስት አራት ክፍል ለይቶ የሚያከራይ ቤተሰብ፣ ብሩን ማፍሰስ ያለበት እዚያው ላይ ነው።

ጎጃም እንግዳ መቀበልን ከማንም አይማርም። «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ላለ መንገደኛ «ቤት ለእንግዳ» ተብሎ እግሩ የሚታጠብበት አገር ነው። ችግር የሚመጣው ይኸው ደግነት ለከፋይ እንግዳም እንዳለ ሲቀርብ ነው። ዘመድ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ተብሎ ሲለመን ደስ ይለዋል። ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ የዋለ ከፋይ ግን ቁልፉን ተቀብሎ፣ ታጥቦ፣ በሩን ዘግቶ መተኛት ነው የሚፈልገው። ቡና ይጠጡ እንደሆነ አንድ ጊዜ መጠየቅ ክብር ነው፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ መውጫ ያሳጣል። ሳያንኳኩ መግባት፣ ብቻዋን የመጣችን ሴት «ባለቤትሽስ?» ማለት እንቅልፍ ይነሳል እንጂ ደግነት አይባልም። መታወቂያ ታይቶ ስም ከተመዘገበ ጥያቄው ይብቃ። በሩ ላይም ከውስጥ የሚዘጋ ጠንካራ መቀርቀሪያ ይኑር፤ ከሶፋው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም።

የውሃው ነገር ግን ሰፊ ነው። ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ሌሊቱ ይበርዳል፣ የቧንቧው ውሃ እጅ ይቆርጣል። የተለመደው ጥፋት እንግዳው ሲጠይቅ «አሁን እናበራዋለን» ማለት ነው። 50 ሊትር የሚይዝ ባለ 1.5 ኪሎዋት ማሞቂያ 15 ዲግሪ የነበረውን ውሃ 60 ዲግሪ ለማድረስ አንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ማታ 2 ሰዓት የገባ ሰው ሊታጠብ የሚችለው ወደ 4 ሰዓት ነው፤ ያውም መብራት ካልሄደ። ማሞቂያው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይብራ። ሽፋኑ ደህና ከሆነ መብራት ቢጠፋም ሙቀቱን እስከ ማታ ይይዛል። አንድ ሰው በ5 ደቂቃ ሻወር 40 ሊትር ያህል ይጠቀማል፤ ከዚያ ውስጥ 20 ሊትሩ ከማሞቂያው የሚወጣ ነው። ስለዚህ አንድ ማሞቂያ ለሁለት ሰው በቂ ነው፣ ለሦስተኛው ግን ለብ ያለ ብቻ ይደርሰዋል። ሦስት ክፍል በአንድ ማሞቂያ አገናኝቶ «ሙቅ ውሃ አለን» ማለት ሦስተኛውን እንግዳ መዋሸት ነው።

ሻወሩ አናት ላይ የምትገጠመው ማሞቂያ ዋጋዋ ይቀንሳል፣ ጣጣዋ ግን ይበዛል። ውሃው በቂ ግፊት ከሌለው ጭራሽ አትበራም። ሮቶው ከሻወሩ በላይ አንድ ሜትር ብቻ ከሆነ የሚያገኘው ግፊት 0.1 ባር ነው፤ ውሃው ይንጠባጠባል፣ ማሞቂያዋም ዝም ትላለች። ያኔ ባለቤቱ ማሞቂያዋን ይቀይራል፤ መፍትሔው ግን ሮቶውን ሦስት አራት ሜትር ከፍ ማድረግ ወይም ትንሽ ፓምፕ መጨመር ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው የኧርዝ ሽቦ ሳይዘረጋ ማሞቂያ ከሻወር ጋር ማገናኘት እንግዳን ለሞት ማቅረብ ነው። ቧንቧ ሲነካ «ነዘረኝ» ያለ እንግዳ ካለ ክፍሉ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሳያየው በዚያ ቀን አይከራይ።

ለአንድ ሰው በቀን 70 ሊትር ብንይዝ አሥር እንግዳ በሦስት ቀን 2,100 ሊትር ያልቅበታል፣ የአንሶላ እጥበቱ ሳይቆጠር። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ አንዲት ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ይዞ ስድስት ክፍል መክፈት አያዋጣም። የሆነ ሆኖ በየመታጠቢያ ቤቱ የተሞላ ጀሪካን፣ ንጹሕ ባልዲና ጣሳ ይቀመጥ።

አልጋው ላይ እንግዳው መጀመሪያ የሚያየው አንሶላውን ነው፤ እጁን ወደ ላይ ወደ ታች አድርጎ ይዳስሰዋል። ከሥር አንድ አንሶላ አንጥፎ ከላይ ብርድ ልብሱን ብቻ የሚሰጥ ቤት ዛሬም ሞልቷል። ብርድ ልብስ ለየእንግዳው አይታጠብም፤ እንግዳውም ይህን ያውቃል። ሁለተኛ አንሶላ ከሥጋውና ከብርድ ልብሱ መካከል ይግባለት። ለአንድ አልጋ ሦስት ሙሉ ቅያሪ ያስፈልጋል፦ አልጋው ላይ፣ እጥበት ላይ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ። ክረምት ላይ አራተኛ ይጨመር፤ በሐምሌ ዝናብ አንሶላ በአንድ ቀን አይደርቅም፣ እርጥበት ይዞ የታጠፈም ይሸታል። ትኋን ከታየ አንድ ጊዜ ረጭቶ መተው ከንቱ ድካም ነው። እንቁላሉ ከመድኃኒቱ ያመልጥና ከሳምንት በኋላ ይፈለፈላል። ስለዚህ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይደገም፣ የፍራሹ ስፌትና የአልጋው መጋጠሚያ በባትሪ ይታይ፣ አንሶላው በ60 ዲግሪ ውሃ ይታጠብ። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ያልተቀደደ አጎበር የግድ ነው።

ብርድ ነው ብሎ ከሰል ክፍል ውስጥ ማስገባት ፈጽሞ አይገባም፤ ጭሱ ቢጠፋም የማይሸተው ጋዝ ተኝቶ ያለን ሰው ይገድላል። ብርድ ልብስ ይጨመር። የሌሊቱን ማሕሌት ማስቆም አይቻልም፣ አይገባምም። ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ከሆነ ግን ለማያውቅ እንግዳ ማታውኑ ይነገረው፤ አውቆ የሰማው ድምፅ አያስመርረውም። ምድር ቤት ያለው ግሮሰሪ ሙዚቃ ግን የባለቤቱ ፈቃድ ነው፤ 4 ሰዓት ላይ ሊዘጋው ይችላል።

ቁርሱ ላይ ብዙ ቤት ራሱን ያሳንሳል። የማር አገር ላይ ተቀምጦ የፋብሪካ ማርማላታ በብልቃጥ ማቅረብ ያሳዝናል። ጥሩ የጎጃም ማር፣ ማታ የተጋገረ ድፎ ዳቦ፣ በንጥር ቅቤ የተሠራ ቂንጬ፣ እንቁላል፣ ሻይና ቡና ካለ ማንም ሌላ አይጠይቅም። ደብረ ማርቆስ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ የተቀቀለ እንቁላል ከባሕር ዳሩ ትንሽ ዘግየት ብሎ ነው የሚበስለው፤ መሐሉ የሚፈስ እንቁላል የሚቀርበው በዚህ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን፣ የጾም ቁርስ መኖር አለበት፦ በዘይት የተሠራ ፉል፣ የጾም ፍርፍር። መጥበሻውና ማማሰያው ለብቻ ይሁኑ፤ ትናንት ቅቤ የቀለጠበት መጥበሻ ላይ የተሠራ ፍርፍር ለጿሚው ጾም አይደለም። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም እንግዳም ቁርሱን ከፍሎበታልና ሲመለስ ይቆየው። ለሙስሊም እንግዳ የቋንጣ ፍርፍር ከመቅረቡ በፊት ሥጋው የማን እርድ እንደሆነ ሳይጠይቅ ይነገረው።

ሰዓቱ ሌላው የጠብ ምንጭ ነው። ለውጭ አገር ሰው «ቁርስ 1 ሰዓት» ሲባል ሌሊት መስሎት ይደነግጣል ወይም በቀትር ይመጣል፤ በወረቀት ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍለት። ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ በጀልባ የሚሄድ ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ሳይነሳ መመለስ ስለሚፈልግ ማለዳ መብላት አለበት። ክብራን ገብርኤል ሴት እንደማይገባበት፣ ጢስ ዓባይ በሚያዝያ የነሐሴን ያህል ውሃ እንደሌለው ከመሄዱ በፊት ይነገረው። ለሥራ የመጣው ደግሞ አበሉን የሚያወራርድበት ደረሰኝ ይፈልጋል፤ ሲመዘገብ እንደሚያገኝ ይረጋገጥለት፣ የአልጋውና የቁርሱ ዋጋም ተለይቶ ይጻፍ።

አውቶቡስ ለመያዝ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል የሚወጣው እንግዳም ቁርስ ከፍሏል። ማታ ሁለት እንቁላል ይቀቀል፣ ዳቦው ይቆረጥ፣ በንጹሕ ወረቀት ይጠቅለል፣ ሻይ በፔርሙዝ ይሞላና ዘበኛው ጋ ይደር። ዘበኛው በሩን ሲከፍት እንግዳው አንድ ብርጭቆ ትኩስ ሻይ ቆሞ ይጠጣል፣ ጥቅሉን ይይዛል፣ ይሄዳል።