ወሬው ሐረጎን ሲወጣ ደብዳቤው ማህተም ይጠብቃል

ሰሞኑን ከኮምቦልቻ የወጣችውን የአንድ የታሸገ ውሃ አምራች ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብኳት። "በማህበራዊ ሚዲያ እየተናፈሰ ያለው መረጃ ከእውነት የራቀ ነው" ትላለች። መልካም ስማችንን ለማጥፋት "የሚንቀሳቀሱ አካላት" አሉ ትላለች። የሐሰተኛ መረጃ አዋጁን፣ 1185/2012ን፣ ጠቅሳ በሕግ እንጠይቃለን ትላለች። ከሥር ፊርማ አለ። ሰማያዊ ክብ ማህተምም አለ። የሌለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጠርሙሱ ውስጥ የታየው አረንጓዴ ነገር ምን እንደሆነ።

የድርጅቱን ስም አልጠራም። የጠራሁ ቀን እኔም "አካል" እሆናለሁ።

ነገሩን በዓይኔ ስላየሁት ነው የምጽፈው። አክስቴ ኮምቦልቻ ትንሽ ሱቅ አላት። አንድ የባጃጅ ሹፌር ግማሽ ሊትር ገዝቶ ክዳኑን ቀጭ አደረገና ወደ አፉ ሲያስጠጋ ቆም አለ። ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ አነሳው። "እማማ፣ ይሄ ምንድነው?" ታች ጠርዙ ላይ ክር የመሰለ አረንጓዴ ነገር ይዋኛል። አክስቴ ከዚያው ካርቶን ሌሎቹን አወጣች። ካልተከፈቱት ውስጥ ሁለቱ ላይ ያው ክር አለ። ልጁ ፎቶ አነሳ። እሷ ብሩን መለሰችለት፣ የቀሩትን አስራ አንድ ካርቶኖች ከመደርደሪያ አውርዳ ባንኮኒው ሥር ከተተች፣ ጆንያ ጣል አደረገችባቸው። ቀጥሎ ለመጣው ደንበኛ "የዛሬው ውሃ ደስ አላለኝም፣ ሌላ ውሰድ" አለችው። ይሄ ሁሉ አስር ደቂቃ አልፈጀም። አክስቴ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል የላትም።

የድርጅቱ ኃላፊ ደግሞ ሬዲዮ ላይ ቀርበው ጥፋቱን ወደ እሷ ገፉት። "ችግሩ የምርቱ ሳይሆን የአያያዝ ነው፤ ነጋዴዎች ፀሐይ ላይ ያውሉታል" አሉ። እሺ፣ ፕላስቲክ ፀሐይ ላይ ሲውል የውሃው ጣዕም ይበላሻል። ይሄን ማንም ያውቃል። ግን ንጹህ ውሃ ታሽጎ ከወጣ ፀሐይ ከየት አምጥታ ነው አረንጓዴ ክር የምትዘራበት? የሚበቅል ነገር ዘር ይፈልጋል። ዘሩ ከፋብሪካው በፊት ወይም ፋብሪካው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ደግሞስ ከደብዳቤው ጋር እንዴት ይታረቃል? ደብዳቤው "ምንም የለም" ይላል። ኃላፊው "አለ፣ ግን የእኛ አይደለም" ይላሉ። ቢያንስ ተነጋግራችሁ ብትወጡ ምን ነበረበት?

ይሄ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ያናደደኝ ኃላፊው ቀጥለው ያሉት ነው፤ "ሕዝቡ ወሬ ከማመን መግለጫ መጠበቅ ነበረበት።"

የኮምቦልቻን ሰው ነው መግለጫ ጠብቅ የሚሉት! እዚህ ከተማ ፋብሪካ ማለት በር ያለው ግቢ ብቻ አይደለም። ግማሹ ሰፈር እዚያ ይሠራል፣ ሌላው ግማሽ ለሚሠራው ቤት ያከራያል። ሺፍት ሲቀየር ከሰርቪስ የሚወርደው ሰው ብቻ አይደለም፣ ወሬም አብሮ ይወርዳል። የትኛው ማሽን እንደቆመ፣ ማን እንደተቆጣ፣ ማጣሪያው መቼ እንደተቀየረ። ልጅቷ ለእናቷ ትናገራለች፣ እናት ቡና ላይ ታነሳዋለች። አቦሉ ሳይወርድ ጎረቤት ሰምቷል፣ ቶናው ላይ ተብራርቷል፣ በረካው ላይ ሰው ሆስፒታል ገብቷል። አዎ፣ ይጋነናል። ወሬ ነውና ይጋነናል። በነጋታው ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ተሳፍሮ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ይወጣል፣ ረዳቱ በነፃ ያደርሰዋል። ደሴ ፒያሳ ሲደርስ ሦስት ሰው ሞቷል። ያኔ ደብዳቤዋ የት ነበረች? ከምክትሉ ጠረጴዛ ወደ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ስትሄድ! ፎቶው በወጣ በአራተኛው ቀን ነው የደረሰችን። አራት ቀን ሙሉ ከተማው ባዶውን ሜዳ በፈለገው ሞላው። ሜዳውን ባዶ ያደረገው ማን ሆነና ነው "አካላት" የሚፈለጉት?

ደግሞ እኮ ከተማው የሚሰማው ፌስቡኩን አይደለም። ሠራተኛውን ነው የሚሰማው። ድርጅቱ ግን ለሠራተኞቹ ምን ብሎ ነገራቸው? አንዱን ወጣት ጠይቄው ነበር። "እኛም ደብዳቤውን ቴሌግራም ላይ ነው ያየነው" አለኝ። በየማታው ቡና ላይ የሚጠየቀው እሱ ነው! ምን ብሎ ይመልስ? ትከሻውን ይነቀንቃል። ትከሻ ሲነቀነቅ ደግሞ ሰፈሩ የራሱን ትርጉም ይሰጠዋል። የስንት ዓመት ስም በአንድ ትከሻ ይሄዳል።

የታሸገ ውሃ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ይሄ የመጀመሪያው አይደለም። በ1990 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አሜሪካ ውስጥ ፔሪየር በተባለው የፈረንሳይ ውሃ ቤንዚን የተባለ ኬሚካል ተገኘ። መኪና ውስጥ የምንቀዳውን ማለቴ አይደለም፣ ካንሰር ያመጣል የሚባለውን። ኩባንያው መጀመሪያ የአሜሪካ ብቻ ጉዳይ ነው፣ የጽዳት ስህተት ነው አለ። ትንሽ ቆይቶ አውሮፓም ተገኘ። ቀጥሎ ደግሞ በጊዜው ያልተቀየረ ማጣሪያ ነው ተባለ። 160 ሚሊዮን ጠርሙስ ከዓለም ሁሉ ተሰበሰበ። መሰብሰቡ ባልከፋ። የሰዉን እምነት የገደለው ምክንያቱ በየጊዜው መቀያየሩ ነበር። ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ ኩባንያው ለኔስሌ ተሸጠ። የኛዎቹ ከ"ምንም የለም" ወደ "ፀሐይ ነው" ለመሻገር አንድ ሳምንትም አልወሰደባቸውም።

"ጥፋቱ የኛ ካልሆነስ?" ይሉኛል። በ1982፣ አሁንም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ አሜሪካ ቺካጎ አካባቢ ታይሌኖል የተባለ የሕመም ማስታገሻ የዋጡ 7 ሰዎች ሞቱ። መርዙን የጨመረው ፋብሪካው አልነበረም። ሱቅ ከደረሰ በኋላ ሌላ ሰው ነው የጨመረበት። እንግዲህ "የአያያዝ ችግር ነው" ለማለት ከዚህ የተሻለ ምክንያት ከየት ይመጣል? ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ግን 31 ሚሊዮን ገደማ ብልቃጥ ሰበሰበ፣ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ፣ ከዚያ ማንም ነካክቶት እንደሆነ የሚያሳይ ማሸጊያ ይዞ ተመለሰ።

ሩቅ አትሂድ ካላችሁኝ፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰው ሲያልቅ የያኔው ዋና ሥራ አስፈፃሚ ተወልደ ገብረማርያም በዚያው ቀን ስብርባሪው መሃል ቆመው ታዩ። ምክንያቱ ገና አልታወቀም ነበር። ቢሆንም ሄደው ቆሙ። ከዚያ ሜዳ አንጻር አንድ የውሃ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ አንዲት ሱቅ ጎራ ማለት ምን ያቅተዋል?

"ስሙ ከተነካ ሠራተኛው ይበተናል" የምትለዋን ማስፈራሪያም ሰምቻታለሁ። ሠራተኛው አራት ቀን ሙሉ መልስ አጥቶ ሲንከራተት ትዝ ያላለው ድርጅት አሁን ከኋላው ሊደበቅ ይፈልጋል።

ባለፈው ቅዳሜ አክስቴ ጋ ሄጄ ነበር። የአከፋፋዩ አይሱዙ አዲስ ካርቶን ጭኖ መጥቷል። "ያንን የድሮውንስ?" አለችው። "እኔ ሾፌር ነኝ፣ እማማ" ብሎ ቀጠለ። አስራ አንዱ ካርቶን አሁንም ባንኮኒው ሥር ነው፣ ጆንያው እንደለበሰ። የሚያነሳው አልመጣም፣ ደውሎ የጠየቃትም የለም። አክስቴ ፌስቡክም ቴሌግራምም የላትም፤ ስለዚህ ደብዳቤውን በኔ ስልክ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አየችውና ስልኩን መለሰችልኝ።

"ማህተሙስ ያምራል" አለች።