ማስተካከያ፦ ሰሜን ኮሪያ 7 ሚሊዮን ወታደር የላትም

ሰሞኑን "ሰሜን ኮሪያ 7 ሚሊዮን ወታደር አላት፣ ከዓለም አንደኛ ናት" የሚል ፖስት ሼር ሲደረግ ነበር፣ ልክ አይደለም። መደበኛ ጦሯ የሚገመተው ወደ 1.2 ሚሊዮን ነው፣ የቀረው ተጠባባቂውና የሠራተኛና ገበሬ ቀይ ዘብ የሚባለው ሚሊሻ ተደምሮ ነው፣ እሱ ደግሞ ብዙው ፋብሪካና እርሻ ላይ የሚውል ሰው ነው። 26 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ላላት አገር 1.2 ሚሊዮኑ ራሱ ጉድ ነው እኮ፣ ማጋነን ምን አስፈለገ?

"ዘመናዊ አየር ኃይል" የተባለውም ያው አብዛኛው የሶቭየት ጊዜ ሚግ ተዋጊ ጀት ነው።

ግን ኮመንት ላይ "ሁሉም ዝገት ነው" ያላችሁም ቀስ በሉ። እርግጥ በ2010 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች ናቸው) የደቡብ ኮሪያን ዮንፕዮንግ ደሴት ስትደበድብ ከተኮሰችው 170 ገደማ የመድፍ ጥይት ከግማሽ በላዩ ባህር ነው የገባው፣ ደሴቱ ላይ ካረፈውም ያልፈነዳ ነበር፣ ሆኖም 4 ሰው ሞቷል። የደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ ሴኡል ደግሞ ከድንበሩ 50 ኪሎሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነች ያን ያህል ዒላማ የማይስት መድፍ አያስፈልግም። ዋናው ጉዳይ ኒውክሌሩ ነው፦ ከ2006 እስከ 2017 6 ጊዜ ሞክራለች፣ ሲፕሪ የተባለው የስዊድን የሰላም ጥናት ተቋም በ2025 50 ገደማ የኒውክሌር አረር እንዳላት ገምቷል፣ በ2023 የሞከረችው ህዋሶንግ 18 የተባለው የረጅም ርቀት ሚሳኤል ደግሞ በጠጣር ነዳጅ ስለሚሠራ ሊተኮስ ሲል ነዳጅ ሲሞላ በሳተላይት አይታይም፣ ስለዚህ ቀድሞ ለመምታት ያስቸግራል። በ2024 ከሩሲያ ጎን ሆነው ዩክሬንን እንዲወጉ ወደ ሩሲያዋ ኩርስክ የላከቻቸው ወታደሮችም ብዙ ሰው ቢያልቅባቸውም የድሮን ጦርነትን በዓይናቸው አይተውታል።