ዓሣ ያጣው አኳሪየም

በጥር 1876 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ውስጥ፣ ከዌስትሚንስተር አቤይ ብዙም ሳይርቅ፣ «ሮያል አኳሪየም» የተባለ ግዙፍ የመዝናኛ አዳራሽ የንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ በሆነው በኤዲንብራ መስፍን ተመረቀ። የሙዚቃ ክፍሉን ስመ ጥሩው የሙዚቃ ደራሲ አርተር ሰሊቫን ይመራው ነበር፤ ጣሪያው ከብረትና ከመስታወት ተሠርቷል፤ አዳራሹም በሐውልትና በዘንባባ አጊጧል። የጠፋው ዓሣ ነበር። አብዛኞቹ ገንዳዎች በምረቃው ዕለት ባዶ ነበሩ፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን በወጉ የተሞሉበት ጊዜ የለም። በዓመቱ ሕዝቡን ወደ አዳራሹ ትጎትት የነበረችው ዛዜል የምትባል ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለች ልጅ ስትሆን፣ ሥራዋም ከመድፍ አፈሙዝ ተወርውራ መረብ ላይ ማረፍ ነበር። በነገራችን ላይ የሚያስወነጭፋት ጠንካራ ሞላ ነው፤ ባሩዱ ለድምፁና ለጭሱ ብቻ ነበር የሚተኮሰው።

ስለ ቪክቶሪያ ዘመን አኳሪየሞች በተነገረ ቁጥር ይህ ታሪክ እንደ ማስረጃ ይጠቀሳል። ሲተረክም የተፈጥሮ ሳይንስን ለሕዝብ ለማስተማር የታሰበው ተቋም ገበያ ፍለጋ ወደ ጭፈራና ወደ ሰርከስ ወረደ፣ ቁም ነገሩም በትርዒት ተዋጠ እየተባለ ነው። እኔ ግን ጥፋቱን ሁሉ በገመድ ተራማጆቹና በዛዜል ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል። በዚያው ዘመን፣ ያንኑ ትርዒት ፈላጊ ሕዝብ በዚያው የሽልንግ ትኬት ያስገቡ፣ ነገር ግን ዓሣቸውን በሕይወት ያቆዩና ለሳይንስም አዲስ ነገር ያበረከቱ አኳሪየሞች ነበሩ። የለያቸው ለውሃው የሰጡት ጊዜና ገንዘብ ነው።

የባሕርን እንስሳ ከባሕር ርቆ ማኖር በዚያን ጊዜ ገና ያልተለመደ ጥበብ ነበር። በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የለንደን ኬሚስት ሁለት ወርቃማ ዓሦችን ከውሃ ተክልና ከቀንድ አውጣዎች ጋር በአንድ ዕቃ ውስጥ አኑሮ፣ ተክሉ ኦክስጅን ሲሰጥ ቀንድ አውጣዎቹ የበሰበሰውን ቅጠል እየበሉ ውሃው ሳይለወጥ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ እንደሚችል አሳየ። በመስታወት ላይ ይከፈል የነበረው ቀረጥ በ1845 ተነሥቶ ስለነበርና ባቡርም ከተሜውን በቀላሉ ወደ ባሕር ዳርቻ ያደርሰው ስለጀመረ፣ ሐሳቡ ለመስፋፋት ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። በ1853 የለንደኑ የእንስሳት ማቆያ በሪጀንትስ ፓርክ ለሕዝብ ክፍት የሆነውን የመጀመሪያውን አኳሪየም ከፈተ፤ ብዙዎቹን የባሕር እንስሳትም የተፈጥሮ ተመራማሪው ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ከባሕር ዳርቻ ሰብስቦ አቀረበ።

ይህ «የዓሣ ቤት» ሰዉን ቢያስደንቅም አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። ግድግዳው መስታወት በመሆኑ ፀሐይ በየአቅጣጫው ትገባለች፤ ውሃው ይሞቃል፣ አልጌ ያበቅላል፣ ይደፈርሳል። መላውን ያገኘው በወጣትነቱ መጽሐፍ ጠራዥ የነበረው፣ ኋላም አኳሪየምና የአኳሪየም ዕቃ ነጋዴ የሆነው ዊልያም አልፎርድ ሎይድ ነው። ሎይድ በ1864 በሐምቡርግ፣ በ1871 ደግሞ በለንደን ክሪስታል ፓላስ በሠራቸው አኳሪየሞች ተመልካቹ የሚያየው ውሃ ከጠቅላላው ጥቂቱ ብቻ እንዲሆን አደረገ። በክሪስታል ፓላስ ለእይታ በቀረቡት ገንዳዎች ውስጥ የነበረው የባሕር ውሃ 90,000 ሊትር ያህል ሲሆን፣ ከወለሉ በታች ብርሃን በማይደርስበት ማጠራቀሚያ ውስጥ ግን 450,000 ሊትር ገደማ ነበር። በእንፋሎት ኃይል የሚሠሩ ፓምፖች ቀንም ሌትም ውሃውን ከታች ወደ ላይ ይገፉታል፤ ውሃውም ወደ ገንዳዎቹ ሲወርድ አየር ይቀላቀልበታል፣ ከዚያም ተመልሶ ወደ ጨለማው ይፈስሳል። ትኬት የቆረጠው ሰው ከዚህ አብዛኛውን አያይም። ትርፉን በየዓመቱ ለመከፋፈል ለቸኮለ ባለአክሲዮንም ከወለል በታች የተደበቀ አምስት እጥፍ ውሃ የባከነ ገንዘብ መምሰሉ አይቀርም።

በትርዒቱ በኩል ግን ብራይተንን የሚያህል አልነበረም። በ1872 የተከፈተውን የብራይተን አኳሪየም የነደፈው በየባሕር ዳርቻው የመዝናኛ ድልድይ በመሥራት የሚታወቀው መሐንዲስ ዩጂኒየስ በርች ሲሆን፣ ትልቁ ገንዳ ብቻውን 500,000 ሊትር ያህል ውሃ ይይዝ ነበር። ውስጡ እንደ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን በአዕማድና በቅስት የተሠራ ነው፤ ሙዚቃው፣ የንባብ ክፍሉ፣ ምግብ ቤቱ ሁሉ አለ። የመጀመሪያው ኦክቶፐስ ሲገባ ሕዝቡ ይጎርፍ ጀመር፤ ያ ኦክቶፐስ አብራው በተቀመጠች ትንሽ የሻርክ ዝርያ ከተበላ በኋላም ምትኩን ለማየት የሚመጣው ሰው አልቀነሰም። የአኳሪየሙ የተፈጥሮ ተመራማሪ የነበረው ሄንሪ ሊ እንደጻፈው፣ ከአንድ ገንዳ ውስጥ ትናንሽ ዓሦች ማታ ማታ እየጎደሉ ሠራተኞቹን ግራ ካጋቡ በኋላ፣ አንድ ቀን ጠዋት ከጎረቤት ገንዳ ወጥቶ የመጣ ኦክቶፐስ እዚያው ዓሦቹ መሀል ተገኘ። ለካ ሌባው በየሌሊቱ ግድግዳውን ተሻግሮ ራቱን በልቶ ወደ ቤቱ ይመለስ ኖሯል። ከዚህም ሌላ በ1873 አንዲት ኦክቶፐስ እዚያው እንቁላል ጥላ፣ ለሳምንታት ከላዩ ሳትነሣ በክንዶቿ ስትጠብቀውና ውሃ ስትረጭበት ሊ በመስታወቱ በኩል እየተከታተለ መዝግቧል። ያንን መስታወት የገዛው የአገር ጎብኚው ሽልንግ መሆኑን ልብ ይሏል።

አኳሪየም ትምህርት ቤት ነው ወይስ መዝናኛ የሚለው ጥያቄ በ1875 ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር። በ1780 የወጣ ሕግ በእሑድ ቀን ገንዘብ እያስከፈለ ሰው የሚያዝናና ስፍራን ለእያንዳንዱ እሑድ 200 ፓውንድ ይቀጣ ስለነበር፣ የብራይተኑ ኩባንያ በዚሁ ሕግ ተከሰሰ። ፍርድ ቤቱም አኳሪየሙ ሕጉ የሚመለከተው የመዝናኛ ስፍራ ነው ሲል ወሰነ፤ ፓርላማው በዚያው ዓመት መንግሥት እንዲህ ያለውን ቅጣት ለመማር እንዲችል ሌላ ሕግ አወጣ። በእኔ አስተያየት ዳኞቹ እውነቱን ተናግረዋል። መዝናኛ ነበር፤ የሚያሳፍረውም ነገር አይታየኝም።

ወደ ዌስትሚንስተር ስንመለስ፣ ጉዱ በይበልጥ የሚታየው በ1877 መስከረም ላይ ነው። ዛዜልን ያቀረበው ሰው፣ ፋሪኒ በሚል የመድረክ ስም የሚታወቀው ዊልያም ሃንት፣ ከካናዳ ከላብራዶር የተያዘ ነጭ ዓሣ ነባሪ አስመጣ። እንስሳው አትላንቲክን ያቋረጠው ውሃ በሞላበት ገንዳ አልነበረም፤ የባሕር ሣር በተነጠፈበት ሣጥን ውስጥ ተኝቶ በየጥቂት ደቂቃው ጨዋማ ውሃ እየተደፋበት ነው። ለንደን ደርሶ ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ሞተ። እንግዲህ ፋሪኒ ለልጅቷ መረብ መወጠሩን አልረሳም፤ ለዓሣ ነባሪው ግን የሚኖርበትን ውሃ አስቀድሞ ያሰበለት አልነበረም። አዳራሹ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በሙዚቃና በሰርከስ ቆይቶ በ1903 ፈረሰ። በቦታው በተሠራው የሜቶዲስት ማዕከላዊ አዳራሽ ውስጥ በጥር 1946 የተባበሩት መንግሥታት የመጀመሪያው ጠቅላላ ጉባኤ ሲከፈት ከ51ዱ መሥራች አገሮች አንዷ የእኛዋ ኢትዮጵያ ነበረች።

ትርዒትና ምርምር በአንድ ጣሪያ ሥር ሊኖሩ እንደሚችሉ ከሁሉ የበለጠ ያስረዳው የጀርመኑ ሳይንቲስት አንቶን ዶርን ነው። ዶርን በ1874 በጣሊያን ኔፕልስ የከፈተው የባሕር ምርምር ጣቢያ ከታች ለሕዝብ ክፍት የሆነ አኳሪየም፣ ከላይ ደግሞ ላቦራቶሪ ነበረው፤ ዕቅዱም የትኬቱ ገቢ የላቦራቶሪውን ወጪ እንዲሸፍን ነበር። ገቢው እንደታሰበው ባለመብቃቱ ለመንግሥታትና ለዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ጠረጴዛ በዓመት ክፍያ ማከራየት ጀመረ። ጣቢያው ዛሬም አለ፤ የብራይተኑም አኳሪየም እንዲሁ።

እንስሳቱ የከፈሉትን ዋጋ ረስተሃል የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። ይሁንና ሒሳቡ ሲሠራ ዕዳው ለማን እንደሚጻፍ መለየት አለብን። በ1850ዎቹ በየሳሎኑ አኳሪየም ማኖር ፋሽን ሆኖ፣ በእንግሊዝ ደቡባዊ ዳርቻ በዐለቶች መካከል ያሉት ኩሬዎች በመረብና በመዶሻ ተዘርፈው ባዶ ሲቀሩ፣ ዘራፊዎቹ የሰርከስ ሰዎች አልነበሩም። የፈጣሪን ጥበብ እናያለን ብለው የጎስን መጻሕፍት በእጃቸው ይዘው የወጡ ጨዋ ቤተሰቦች ነበሩ። ጎስ ራሱ አጥባቂ ክርስቲያን ነበር፤ ልጁ ኤድመንድ ከብዙ ዓመታት በኋላ የዚያን ዳርቻ መራቆት ሲያስታውስ፣ አባቱ ሳያስበው ያስከተለው ጥፋት ክፉኛ እንዳሳዘነው ጽፏል።