የድሬ ሰዎች፣ ሳላችሁን አስመዝግቡ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ቁጣዬ በእናንተ ላይ ነው። ራሴንም አልተውኩም።

«የፋብሪካው ጭስ ጨረሰን» ማለት ከጀመርን ስንት ዓመታችን ነው? በርጫ ላይ እንላለን፣ ባጃጅ ውስጥ እንላለን፣ ለቅሶ ቤት እንላለን። ፋብሪካ ባለበት ሰፈር በመልካ ጀብዱ ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቀዋል፤ ያሰጡትን ልብስ ሳያራግፉ አይለብሱም፣ ጠዋት የተወለወለ ጠረጴዛ እስከ ምሳ አመድ ለብሶ ይቆያል። «ሌሊት ይብሳል» ትላላችሁ። እውነት ነው፤ ሌሊት አየሩ ቀዝቅዞ መሬት ላይ ስለሚተኛ ጭሱ ወደ ላይ አይወጣም። ግን የትኛው ሌሊት? ስንት ሰዓት ላይ? ከየትኛው ጭስ ማውጫ? የጻፈ ሰው አለ?

ልጅ ሲያስለው ደግሞ ሩጫችን ወደ ፋርማሲ ነው። «የሳል ሽሮፕ ስጠኝ፣ አሞክሳሲሊንም ጨምርበት።» እኔም እንዲሁ ሳደርግ ኖሬያለሁ። አምና የልጄ ደረት ሌሊት ሌሊት ማፏጨት ጀመረ። ሦስት ጠርሙስ ሽሮፕ ካስጨረስኳት በኋላ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሲስተሯ ካርዷን አስፈልጋ አገላበጠችው። ክትባቷ አለ፤ ከዚያ ወዲህ ባዶ ነው። «ታማ አታውቅም ማለት ነው?» አለችኝ። ዓመት ሙሉ የሳለች ልጅ ናት! የምመልሰው አጣሁ። ለካ አስም ነበር።

ጤና ጣቢያ የሚያውቀን በመዝገቡ ነው። በወሩ መጨረሻ ከቀበሌው ስንት ሰው በመተንፈሻ አካል ሕመም ታከመ የሚለው የሚደመረው ከካርድ እንጂ ፋርማሲ ከተሸጠ ሽሮፕ አይደለም። የመድኃኒት ጥያቄም የሚሠራው ጤና ጣቢያው ራሱ ለታካሚ ከሰጠው መድኃኒት ተነሥቶ ነው። እኛ በወረቀት ላይ ጤነኛ ሰፈር ሆነን፣ «ፓፍ (በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት) የላቸውም» ብለን እናማርራለን። ወረፋው እንደሚያሰለች አውቃለሁ፤ ግማሽ ቀን ቆሜበታለሁ። ቢሆንም ካርድ አውጡ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ካለባችሁ ደግሞ «አቧራ ነው» ብላችሁ አትቀመጡ፤ ቲቢ ሊሆን ይችላል፣ በመንግሥት ጤና ተቋም ምርመራውም ሕክምናውም በነፃ ነው።

ጠረጴዛው ላይ የምታዩት አቧራ ቀላሉ ነው፤ አብዛኛውን አፍንጫ ያስቀረዋል። አደገኛው ከ2.5 ማይክሮን የሚያንሰው፣ ዓይን የማያየው ብናኝ ነው። ሳንባ ውስጥ ዘልቆ ወደ ደም ይገባል፣ ልብን ይጎዳል፣ ስትሮክም ያመጣል። ፋብሪካ ለዚህ ሲባል ጭስ ማውጫው ላይ ማጣሪያ አለው። የማጣሪያው ከረጢት ሲቀደድ ወይም መብራት ሲቋረጥ ግን የሚወጣው ጭስ መልኩ ይለያል፤ እናንተም ታዩታላችሁ። ቀኑንና ሰዓቱን መያዝ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሕጉም ከጎናችሁ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአንቀጽ 11 ማንም ሰው «በግሌ ተጎድቻለሁ» ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤት እንዲል ፈቅዶለታል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው፣ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ይህ መብት ሃያ ዓመት አልፎታል። በርጫ ላይ የተነገረ እሮሮ ግን አቤቱታ አይባልም።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደግሞ አድልዎ ይሆንብኛል። ማታ ማታ በየደጃፉ ፌስታልና ጎማ የሚያቃጥለው የትኛው ፋብሪካ ነው? መስኮት ዘግቶ ከሰል አቀጣጥሎ፣ ዕጣኑን፣ ሲጋራውን ደርቦ፣ ሕፃን እዚያው ፍራሽ ላይ የሚያስተኛውስ? እኛ ነን። ሌላውን ለመክሰስ የምናነሳው እጅ ክብሪቱን መጀመሪያ ያስቀምጥ።

ሰፈራችን ሱቅ ባንኮኒ ላይ አንድ ደብተር አስቀምጫለሁ፣ እስክሪብቶ በክር ታስሮበታል። ቀን፣ ሰዓት፣ የጭሱ መልክ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ብቻ ነው የሚጻፍበት። ሦስት ሳምንት ሆነው። እስከ ዛሬ ያለበት ጽሑፍ ሁሉ የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው።