ሸማኔው አራተኛ ፎቅ ላይ የት ይቆፍር?

ክርክሩ የተነሣው ከአንድ ጥያቄ ነው፦ አዲስ አበባ የኢኮኖሚ ልማት ዕቅድ ስታወጣ በየሰፈሩ ወርዳ፣ ስብሰባ የማይመጣውን ነዋሪ ጭምር ማማከር አለባት ወይ? አለባት የምትለው በከተማ ፕላን ሥራ ላይ ለዓመታት የቆየች ባለሙያ ናት። ምክክሩ የሕግን ቦታ እየወሰደ ነው ብለው የሚሟገቱት ደግሞ የሕግ መምህር ናቸው።

ባለሙያዋ

ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ሲሠራ ያየ ሰው ሥራው ከወለል በታች እንደሚጀምር ያውቃል። ሸማኔው በተቆፈረ ጉድጓድ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ እግሮቹን ወደ ውስጥ ሰድዶ መርገጫውን እያፈራረቀ ይረግጣል፤ በእጁ መወርወሪያውን ከወዲያ ወዲህ ይልካል። አሁን ይህን ሰው የልማት ተነሺ ነህ ብለን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እናስገባው። ቤቱ ከድሮው የተሻለ ነው። ውሃ ገብቶለታል፣ መጸዳጃው የራሱ ነው፣ ክረምት ሲመጣ ጣሪያው አያፈስም። ጉድጓዱን ግን የት ይቆፍር?

ይህ ጥያቄ ቢሮ ተቀምጦ ካርታ ለሚሥል ሰው አይመጣለትም። ለእኔም አልመጣልኝም ነበር። ሸማኔው ግን ገና ቁልፉን ሳይረከብ ያስበዋል። ቀድሞ የጠየቀው ሰው ቢኖር ኖሮ በዚያው ዕለት ይነግረው ነበር።

ከዓመታት በፊት በአንድ ወረዳ አዳራሽ የአካባቢ ልማት ፕላን ለነዋሪው አቅርቤአለሁ። ስብሰባው የተጠራው በሥራ ቀን፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነበር። የመጡት ጡረተኞች፣ የእድር ዳኞችና የወረዳው ሠራተኞች ናቸው። ከአዳራሹ በር ትንሽ እልፍ ብሎ ሽንኩርትና ቲማቲም መደብ ላይ የደረደሩ ሴቶች ነበሩ፤ አንዳቸውም አልገቡም። እንዴት ይግቡ? መደባቸውን ትተው ቢገቡ የዕለቱ ገበያ አለፋቸው ማለት ነው። እኔ ስለ ንግድ ማዕከላትና ስለ ሥራ ዕድል ለሁለት ሰዓት ያህል ተናገርሁ። አንድ አባት ስለ ውሃ መስመር ጠየቁ፣ ሌላ ሰው ስለ ካሳ ጠየቀ፣ ከዚያ ተጨበጨበ። ቃለ ጉባኤው “ነዋሪው ዕቅዱን በሙሉ ድምፅ ደግፏል” ይላል። የእኔም ፊርማ አለበት። ስለዚያ ፊርማ እስከ ዛሬ አዝናለሁ።

የዚህች ከተማ ኢኮኖሚ ትልቁ ክፍል ያለው ስብሰባ በማይመጡ ሰዎች እጅ እንደሆነ ከዚያ ወዲህ አምኛለሁ። በሰው የቀበሌ ቤት ደባል ሆና እንጀራ ጋግራ የምታከፋፍል ሴት አለች። ሥራ ፍለጋ ማለዳ አደባባይ የሚቆም የቀን ሠራተኛ አለ። ምናለሽ ተራ አሮጌ ብረትና ጎማ ወደ መገልገያ ዕቃ የሚለውጥ ባለሙያ አለ፤ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ እናት አለች። እነዚህን የሚፈልግ ሰው እነርሱ ወዳሉበት፣ ለእነርሱ በሚመች ሰዓት ይሄዳል። እሑድ የእድር ስብሰባ ላይ ይገኛል፤ የቀን ሠራተኛውን ሳይነጋ በቆመበት ያነጋግራል፤ ሽሮ ሜዳ ጋሞኛ የሚችል፣ ከተማው ዳር ኦሮምኛ የሚችል ሰው ይዞ ይወጣል፤ መስማት ለተሳነው በምልክት ቋንቋ የሚያስተረጉም ያቀርባል። ይህን ለደሃ የሚደረግ ቸርነት አድርጎ የሚያየው ሰው ተሳስቷል። ለዕቅዱ የሚያስፈልገው መረጃ የሚገኘው እዚያ ነው።

አትክልት ተራን እንመልከት። ገበያው ለብዙ ዘመን ፒያሳ ነበረ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ በኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። በካርታ ላይ ሲታይ አንድ ነጥብ ከመሀል ወደ ደቡብ ወረደ፤ ይኸው ነው። ለአራት ኪሎዋ የጉሊት ነጋዴ ግን በእግሯ ትደርስበት የነበረው ገበያ የጭነት ኪራይ የሚያስከፍል ሆነ። ያ ኪራይ በእያንዳንዱ ኪሎ ሽንኩርት ላይ ይታሰባል፤ ከዚያም ከእርሷ ግማሽ ኪሎ የሚገዙ ሰዎች ጓዳ ይገባል። እርሷ ይህን ሒሳብ በጭንቅላቷ ትሠራዋለች። ለእኛ ጥናት ያስፈልገናል፤ ለጥናቱም ገንዘብ እንከፍላለን።

የሚቻል ነገር እንደሆነ ደርባን አሳይታለች። ዋርዊክ በተባለው የደቡብ አፍሪካዋ ከተማ የትራንስፖርት መናኸሪያ፣ አፓርታይድ ካበቃ በኋላ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የከተማው አስተዳደር የመንገድ ዳር ነጋዴዎችን ማሳደዱን ትቶ ከማኅበሮቻቸው ጋር መቀመጥ ጀመረ። ለባህል መድኃኒት ሻጮች ጥቅም ላይ ባልዋለ የመኪና ድልድይ ላይ ገበያ ተሠራላቸው። ድልድዩን ገበያ ማድረግ ከነጋዴው ጋር ላልተቀመጠ መሐንዲስ የሚመጣ ሐሳብ አይደለም።

መምህሩ

እኅቴ፣ ስለ ፊርማዎ የጻፉትን በአክብሮት አነበብሁ። እንዲህ ያለውን ነገር በአደባባይ የሚናገር ባለሙያ ብዙ አላጋጠመኝም። በሸማኔው ጉዳይም ተሸንፌአለሁ። የምንለያየው በመድኃኒቱ ላይ ነው።

እርስዎ ያ ስብሰባ የከሸፈው ሰዓቱና ሰዎቹ ስላልተመረጡ ነው ይላሉ። እኔ ስብሰባው ማንንም ስለማያስገድድ ነው እላለሁ። እነዚያ ሴቶች ሁሉ መደባቸውን ዘግተው ቢገቡና ቢናገሩ ኖሮ ቃለ ጉባኤው በሁለት ገጽ ይረዝም ነበር፤ ዕቅዱ ግን ያው ነው። የባሰም አለ። ነገ አንዷ አቤት ብትል “ተወያይተሽ ፈርመሻል” ትባላለች። ውይይቱ በሰፋ ቁጥር ፊርማው ይበዛል፤ ፊርማው ደግሞ የሚከላከለው ለሰብሳቢው ነው።

ሕጉ ባዶ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። አንቀጽ 44 ከዚያ አልፎ፣ መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች የተፈናቀሉ ብቻ ሳይሆኑ ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ሁሉ ተመጣጣኝ ካሳ እንዲያገኙ ያዛል። ኑሯቸው የሚለውን ቃል ልብ ይበሉልኝ፤ ቤታቸው ብቻ አላለም። የመሬት ይዞታ ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ስለሚከፈል ካሳ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ በሥራ፣ በንግድና በኪራይ ላይ ለሚደርስ የኢኮኖሚ ጉዳት ካሳ እንዳለ ደንግጓል፤ አቤቱታ ሰሚና ይግባኝ ሰሚ አካላትንም አቋቁሟል። የእኔ ተማሪዎች እነዚህን አንቀጾች ይዘው ከእንጀራ ጋጋሪዋ ጋር አቤቱታ ሰሚው ፊት ቢቀርቡ ከመቶ ስብሰባ ይበልጥ ይጠቅሟታል ብዬ አምናለሁ።

እድርን በተመለከተ በጣም እፈራለሁ። ወርኃዊውን መዋጮ መክፈል ያልቻለ ሰው እድር ውስጥ የለም። ከገጠር የመጣው የቀን ሠራተኛ የለም። ዳኞቹ አብዛኛውን ጊዜ ወንዶችና ባለ ቤት ናቸው። ይህ ግን ትንሹ ፍርሃቴ ነው። ትልቁን ከታሪክ ልንገርዎት። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አቋቋመ። ቀበሌ ማለት ያ ነበር፦ ነዋሪው ስለ ሰፈሩ የሚመክርበት፣ ዳኛውን ራሱ የሚመርጥበት። ብዙም ሳይቆይ ሰው የሚጠቆምበትና የሚታሰርበት ቦታ ሆነ። የእኔ ትውልድ ወደዚያ ቅጥር ግቢ ገብቶ ያልተመለሰ ወንድም አለው። እድር ግን ያን ሁሉ ዘመን አልፎ ዛሬም ይቀብራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ያጽናናል። ሰው የሚያምነው ከሹም ቤት ስላልመጣ ነው። እርስዎ ቅን ነዎት፤ ከእርስዎ በኋላ ያንኑ በር የሚያንኳኳው ሰው ቅን መሆኑን ግን ማን ያረጋግጥልኛል?

ደርባንንም ጨርሰው አልነገሩንም። እ.ኤ.አ. በ2009፣ ለዓለም ዋንጫ ዝግጅት ሲደረግ፣ ያው የከተማ አስተዳደር በዋርዊክ የማለዳውን ገበያ አንሥቶ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ሊያሠራ ተነሣ። ለዓመታት አብረውት ሲመክሩ የኖሩት ነጋዴዎች መንገድ ላይ ወጡ፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ። ገበያው የተረፈው በዚያ ነው።

ባለሙያዋ

መምህር፣ ስለ ቀበሌው የጻፉትን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። ያን ዘመን ስታነሣ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ ዛሬም በገዛ ቤቷ። ስለዚህ እድር ዕቅድ ያጽድቅ አልልም። እድር በሩን ይክፈትልን፣ ሰዎቹን እንድናገኝ ይፍቀድልን፤ በስሙ ግን ምንም አንጻፍ። በእድር የማይገኙትን በሌላ መንገድ እንፈልጋለን።

ደርባን ላይ ግን አልስማማም። ነጋዴዎቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ያን ያህል ሊቆሙ የቻሉት ለምን ይመስልዎታል? ከዚያ በፊት ለዓመታት ስማቸው ይታወቅ ነበር፤ ማኅበር ነበራቸው፤ ስንት እንደሆኑና ምን እንደሚሸጡ ከተማው ራሱ መዝግቦት ነበር። ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው ፍርድ ቤት ቢሄድ በቦታው መኖሩን በምን ያስረዳል?

ክርክራችን የተቋጠረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አዋጁ በሥራና በንግድ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ካሳ አለ ይላል። መልካም። እንጀራ ጋጋሪዋ በየትኛው መዝገብ ላይ አለች? የቀበሌው ቤት በሌላ ሰው ስም ነው። ንግድ ፈቃድ የላትም። ይህች አገር የሕዝብ ቆጠራ ለመጨረሻ ጊዜ ያካሄደችው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ የአዲስ አበባ ነዋሪ 2,739,551 ነበረ። ከዚያ ወዲህ ተወልዶ እዚህ ያደገ ልጅ ዛሬ ሥራ ፈላጊ ሆኗል፤ በቆጠራ ግን አናውቀውም። ተማሪዎችዎ አንቀጽ 44ን ይዘው ሲመጡ የሚሞግቱላትን ሴት ማን ያሳያቸዋል?

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ረጲ የነበረው የቆሻሻ ተራራ፣ ሁላችንም ቆሼ የምንለው፣ ተናደና ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከክምሩ ጥግ ቤት ቀልሰው የሚኖሩ፣ ከዚያም ብረትና ፕላስቲክ ለቅመው የሚተዳደሩ ነበሩባቸው። አጠገቡ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ይገነባ ነበር፤ በነሐሴ 2010 ተመረቀ። ስለ ጣቢያው ጉልበት በሜጋ ዋት ይነገራል። ከዚያ ክምር ስንት ቤተሰብ እንደሚበላ ግን ማለዳ ጆንያ ይዘው ከሚወጡት ጋር ሄዶ የቆጠረ ሰው ያስፈልግ ነበር። ምክክር የምለው መጀመሪያ ይህ ነው፤ ሄዶ ማየት፣ ስም መጻፍ።

መምህሩ

ምክክር ያሉት መዝገብ ከሆነ ተቃውሞዬ ግማሽ ያህል ወደቀ። ሌላው ግማሽ ግን አልወደቀም፤ ስለዚህ በግልጽ ልጠይቅዎት። ድጋፍ የሚለው ቃል ከቃለ ጉባኤ ይውጣ። ሰዎች ምን እንደሚሠሩ፣ የት እንደሚሠሩ፣ ከሥራቸው ምን እንደሚያገኙ ይጻፍ እንጂ ዕቅዱን ወደዱት አልወደዱት አይጻፍ። ሁለተኛ፣ የተጻፈው ወረቀት አንድ ቅጂ በሴቲቱ እጅ ይቅር፤ ማኅተም ያለበት፣ ነገ አቤቱታ ሰሚው ፊት የምታቀርበው። ቅጂ የማይሰጥ ምክክር ከሆነ ባይደረግ እመርጣለሁ። ይህን የምለው በምሬት ነው፤ ሰው ቃሉን ሰጥቶ ባዶ እጁን ሲሄድ ብዙ አይቻለሁና።

የጊዜውንም ነገር አላነሡም። ዕቅድ በዘገየ ቁጥር በቀበሌ ቤት ውስጥ በጋራ መጸዳጃ የሚሰቃየውም ያው ደሃ ነው። ሳይነጋ አደባባይ ሄዶ መመዝገብ ስንት ወር ይፈጃል?

ባለሙያዋ

ቅጂው ይሰጥ። በዚህ ብቻ እንኳን ከእርስዎ ጋር መከራከሬ አላስቆጨኝም።

ስለ ጊዜው፣ ይፈጃል። አልደብቅም። ግን ጊዜው ከየት እንደሚመጣ በሸማኔው ላሳይዎት። ኮንዶሚኒየም ሲሠራ የምድር ቤቱ ክፍሎች ለንግድ ተብለው ለጨረታ ይወጣሉ። ሸማኔው የሚቆፍረው ምድር ቤት ቢያገኝ ነው፤ ከባለ ሱቅ ጋር ተጫርቶ ግን አያሸንፍም። ስለዚህ ለሽመና የሚሆኑት ክፍሎች ከጨረታው ውጭ መቆየት አለባቸው፤ ይህ የሚወሰነው ደግሞ ሥዕሉ ከመሠራቱ በፊት ነው። የሲሚንቶው ወለል ከፈሰሰ በኋላ የሚመጣ ካሳ ገንዘብ ይሰጠዋል፣ ጉድጓድ ግን አይሰጠውም። ስንት ሸማኔ እንዳለ ቀድመን ካወቅን ወለሉን ሳንሞላ የምንተወው ክፍል ስንት እንደሆነ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሥዕሉ ላይ ማስፈር ይቻላል። እኔ ራሴ እሥለዋለሁ።