ጭነቱን ከማሰራችሁ በፊት የዕቃ ሳጥኑን ክፈቱ

ሹፌር ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ረዳቶች፣ የመኪና ባለንብረቶች፤ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የመኪናችሁ የዕቃ ሳጥን ውስጥ አሁን ምን አለ? ሄዳችሁ ሳታዩ መልሱልኝ።

ብዙዎቻችን መመለስ አንችልም። የጫንነውን ክብደት በቃላችን እናውቃለን። ነዳጁ እስከየት እንደሚያደርሰን እናውቃለን። ክሪኩ ዘይት ያፍስስ አያፍስስ ግን አናውቅም። የእሳት ማጥፊያው መቼ እንደተሞላ አናውቅም። ሳጥኑ ትዝ የሚለን መኪናው ቆሞ ሰው መሬት ላይ ከተንበረከከ በኋላ ነው። ወገኖቼ፣ ይሄ ልማድ ሰው እየጨረሰብን ነውና ዛሬ ሳልሸፋፍን ልናገር።

ዳር ቆሜ አይደለም የምናገረው። ዓመታት ነድቻለሁ። አንድ ሌሊት ኩርባ ላይ የኋላ ጎማ ፈነዳብኝ። አንጸባራቂው ሦስት ማዕዘን ምልክት አልነበረኝም። ለሌላ ሹፌር አውሼው አልተመለሰም ነበር፤ ሌላ እገዛለሁ ስል ወራት አለፉ። ረዳቴ ከኋላ ሄዶ የስልኩን መብራት እያወዛወዘ ቆመ። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። አንድ ከባድ መኪና ኩርባውን ዞሮ ሲመጣ አየሁት፤ ፍሬኑ ሲጮኽ ሰማሁት። ልጁ ቦይ ውስጥ ዘለለ። ክርኑ ተሰበረ፣ ነፍሱ ተረፈች። እኔ ግን ያን ሌሊት ያደረግኩት ሌላ ስም የለውም፤ የሰው ልጅ በምልክት ቦታ አቆምኩ።

ስለዚህ ዕቃ ስትመርጡ ከመፍቻና ከፒንሳ አትጀምሩ። መጀመሪያ ሌላ መኪና እንዳይመታችሁ የሚያደርገውን ያዙ። ቀጥሎ የራሳችሁ መኪና እንዳይጫናችሁ የሚያደርገውን። ከዚያ ለእሳትና ለደም የሚሆነውን። የጥገና ዕቃ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። ብልሽቱን መካኒክ ነገም ያየዋል።

ምልክቱን እንመልከት። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ሹፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ተኩል ቢፈጅበት 33 ሜትር አለፈ ማለት ነው። ፍሬኑ ገና አልያዘም። እኛ ደግሞ ምልክቱን ከመኪናችን አምስት እርምጃ ራቅ አድርገን አስቀምጠን ተጠነቀቅን እንላለን! የአሜሪካ የከባድ መኪና ደንብ ሦስት ምልክት እንዲያዝና መኪናው በቆመ በ10 ደቂቃ ውስጥ እንዲቀመጥ ያዛል። ሁለት አቅጣጫ ባለው መንገድ አንዱ 3 ሜትር ገደማ ላይ ይሆናል፤ ሁለቱ ከፊትና ከኋላ 30 ሜትር ገደማ ይርቃሉ። ኩርባ ወይም ጉብታ እይታ ከከለለ እስከ 150 ሜትር ድረስ ማራቅ አለ። በእኔ አስተያየት ፈጣን መንገድ ላይ 30 ሜትር ያንሳል፤ ስፋቱ ከፈቀደ ጨምሩበት። ሦስቱንም ያዙ። አንዱ ከተሰበረ ወይም ከተዋሰ በዚያው ሳምንት ተኩ።

አንጸባራቂ ሰደርያ ደግሞ በረዳቱም በሹፌሩም ልክ ይኑር። ቦታው ከመቀመጫችሁ አጠገብ ነው። ከኋላ ሳጥን ውስጥ ካለ እሱን ለማምጣት በጨለማ መንገድ ላይ መሄድ ሊኖርባችሁ ነው፤ ታዲያ ምኑን ጠቀመ? ለብሳችሁ ውረዱ። ምልክቱን ስትወስዱ ከደረታችሁ ፊት ያዙት፣ የሚመጣው መኪና እንዲያየው። ሁለቱንም ፍሬቻ አብሩ፤ ግን ባትሪ ሊደክም ይችላልና በፍሬቻ ብቻ አትተማመኑ።

አሁን ወደ ድንጋዩ። ታኮ ስለሌለን ድንጋይ ለቅመን ጎማ ሥር እናስገባለን። ድንጋይ ከጭነት በታች ይፈርሳል፣ ይንሸራተታል፣ ይንከባለላል። ይባስ ብሎ ስንነሳ እዚያው ትተነው እንሄዳለን። በሌሊት የሚመጣ ሞተር ሳይክል ነጂ ያንን ድንጋይ አያየውም። ይሄ በደል ነው፤ እወቁት። በጎማችሁ ልክ የተሠራ ታኮ ቢያንስ ሁለት ያዙ። ከባድ መኪና ወይም ተሳቢ ካላችሁ አራት ይሁን። በእጀታው ላይ ገመድ እሰሩበት፤ ከጎማ ሥር እጃችሁን ሳታስገቡ ትስቡታላችሁ።

ክሪክን በተመለከተ የምንሳሳተው በመጠኑ ብቻ አይደለም። የሚችለው ክብደት በቶን በላዩ ተጽፏል፤ የምታነሱት አክስል ከጭነቱ ጋር ስንት እንደሚመዝን ጠይቁና አወዳድሩ። ከዚያ በላይ ግን ሥሩን ተመልከቱ። የክሪክ እግር ጠባብ ነው። ለስላሳ የመንገድ ዳር ላይ ቶኖች ሲጫኑት ይሰምጣል ወይም ይጋደማል። ወፍራምና ሰፊ ጠንካራ ጣውላ አብሮት ይኑር። ጣውላ የሌለው ክሪክ ግማሽ ዕቃ ነው። የዘይት ክሪክ ደግሞ በውስጡ ዘይቱን የሚያሽገው ጎማ ሲያረጅ በዝግታ ይወርዳል። ስለዚህ በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር ማንም አይግባ። የብረት መደገፊያ ከሌላችሁ ከሥሩ የሚሠራ ሥራ አትጀምሩ፤ ጠብቁ። እባካችሁ ረዳቱን «ግባና እይ» አትበሉት።

የጎማ ቁልፉን አስቡ። በብዙ ከባድ መኪኖች የጎማ ዳዶ የሚጠብቀው 600 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ይህን በአንድ ሜትር ማንሻ ለማግኘት 60 ኪሎ ገደማ በጫፉ ላይ ማረፍ አለበት። ማንሻው ግማሽ ሜትር ከሆነ 120 ኪሎ ይፈልጋል። ስለዚህ አጭር ቁልፍ ይዞ መንገድ መውጣት ባዶ እጅ መውጣት ነው። ቱቦ ስትጨምሩበት ልኩን እዩ፤ ልቅ የሆነ ቱቦ ሲንሸራተት ጥርስ ያረግፋል። አንዳንድ አሮጌ መኪኖች ላይ የግራ ጎማ ዳዶ ጥርሱ የተገለበጠ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው እየፈታሁ ነው ብሎ ሲያጠብቅ ያነጋል። የእናንተ መኪና የቱ ዓይነት እንደሆነ ዛሬ እወቁ።

ጎማ ቀይራችሁ ስትነሱ ጉዳዩ አላለቀም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ለእኛ የተነገረ ይመስለኛል። ከ80 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ቁሙና ዳዶውን ደግማችሁ ፈትሹ። ቸርኬውና ዳዶው ቦታቸውን ሲይዙ ጥብቀቱ ይቀንሳልና።

ባለ ቀለበት ቸርኬ፣ ማለትም ጎማውን በተነቃይ የብረት ቀለበት የሚይዝ ቸርኬ ያላቸው ደግሞ ይስሙኝ። የከባድ መኪና ጎማ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 8 ባር አየር ይይዛል። ቀለበቱ በትክክል ካልገባ አየር ሲሞላ ፈንጂ ሆኖ ይወጣል። መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ጎማ ፈታትቶ ገጥሞ ለመሙላት የሚሆን ዕቃ አትያዙ። በጋራዥ፣ በብረት ማገጃ ውስጥ የሚሞላ ነው። የተዘጋጀ መለዋወጫ ጎማ ያዙ፣ የአየር መለኪያም ያዙለት። ለዓመት ያልታየ መለዋወጫ ባዶ ሆኖ የሚገኘው በጨለማ ነው።

ስለ እሳት። «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለው አባቶች ጨርሰውታል። 2 ኪሎ የሚይዝ የዱቄት ማጥፊያ ከተከፈተ በ10 ሴኮንድ ገደማ ያልቃል። ለከባድ መኪና ይህ ትንሽ ነው፤ 6 ኪሎውን ምረጡ። የምታስሩት ደግሞ በሩ ከተከፈተ መሬት ቆማችሁ እጃችሁ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። ከፍራሽ ሥር የተደበቀ ማጥፊያ ለፍተሻ እንጂ ለእሳት አልተያዘም። ቀስቱ አረንጓዴው ላይ መሆኑን በየሳምንቱ እዩ። በመኪና ንዝረት ዱቄቱ ከታች ይጠቀጠቃል፤ አልፎ አልፎ አውርዳችሁ ገልብጡት። ሞተሩ ሲጨስ ኮፈኑን አንድ ጊዜ ወለል አድርጋችሁ አትክፈቱ፤ አየር ሲያገኝ ይበረታል። በትንሹ ከፍታችሁ በክፍተቱ ርጩ። ጎማ ሲቃጠል ግን ዱቄት ነበልባሉን ቢያጠፋውም ሙቀቱን አይቀንስምና መልሶ ይነሳል፤ ራቁ፣ ሊፈነዳም ይችላል።

የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን ከፍታችሁ ታውቃላችሁ? የብዙዎቻችን ሳጥን ውስጥ የደረቀ ፕላስተርና ጊዜው ያለፈ ክኒን ነው ያለው። የመንገድ አደጋ ግን የሚፈልገው ሌላ ነው። ከተጎዳ እጅና እግር ብዙ ደም የሚፈስ ከሆነ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ወፍራም ጎዝ፣ ሰፊ ፋሻ፣ የላስቲክ ጓንት፣ መቀስ፣ በትክክል የተሠራ የደም ማቆሚያ ማሰሪያ ያዙ። ማሰሪያውን ማሰር ግን ከሚያውቅ ሰው ተማሩ። ያሰራችሁበትን ሰዓት ጻፉ፤ ሐኪሙ ይጠይቃችኋል። ትምህርቱ አንድ ቀን ቢወስድባችሁ ምን ትጎዳላችሁ?

ስለ ኤሌክትሪክ ብዙ አልልም። በየመጠኑ መለዋወጫ ፊውዝ ያዙ። በተለመደው ባለ ጥርስ ፊውዝ ላይ ቀዩ 10 አምፔር፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20፣ አረንጓዴው 30 ነው። በፊውዝ ፋንታ ሽቦ ወይም የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት የምታስገቡ፣ እሳት የምትጠሩት በገዛ እጃችሁ ነው። ብዙ ከባድ መኪና 24 ቮልት ነው፤ ከ12 ቮልት ትንሽ መኪና ባትሪ ጋር ቀጥታ አታገናኙት። ናስትሮ፣ ካቻቢቴ፣ መለዋወጫ አምፖልና ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ካላችሁ ለሌሊቱ ይበቃል።

አንድ የማያሳስበን ነገር አለ። ይህን ሁሉ ገዝተን ጋቢና ወለል ላይ እንበትነዋለን። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ብትጋጩ፣ ከኋላችሁ ያለ መዶሻ ከ10 ሜትር ከፍታ እንደተጣለ ሆኖ ይመጣል። ከእግራችሁ ሥር የሚንከባለል ቁልፍም ፍሬን ፔዳል ሥር ይገባል። ከባዱ ዕቃ የሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ፣ የታሰረ ይሁን። ከሁሉ በፊት የሚፈለገው ምልክትና ሰደርያ ለብቻው ቅርብ ይቀመጥ። በጀሪካን ቤንዚን ጋቢና ውስጥ የምትይዙ ካላችሁ ዛሬውኑ አውጡት።

ባለንብረቶች፣ ወደ እናንተ ልመለስ። ሹፌሩ ታኮ ግዛልኝ ሲላችሁ «በድንጋይ አድርግ» የምትሉ አላችሁ። ሰምቻለሁ። እኔም በመኪናው ባለንብረት ፊት ቆሜ ተብያለሁ፤ ተቀብዬም ወጥቻለሁ፣ ያ ጥፋቴ ነው። ለጭነቱ ኢንሹራንስ ከፍላችሁ ለልጁ ምልክት መግዛት ከበዳችሁ? መኪናውን የምታስረክቡት ከነዕቃው ቆጥራችሁ ይሁን። የጎደለው እስኪሞላ አይውጣ። ሹፌሮችም፣ ጎደለ ብሎ መቆም እምቢተኝነት አይደለምና አትፈሩ።

ረዳቶች፣ ዕድሜያችሁ ትንሽ ስለሆነ አትናቁ። ምልክት ሳይቀመጥ ከመኪና ኋላ አትሥሩ። ክሪክ ላይ ካለ መኪና ሥር ግባ ከተባላችሁ አልገባም በሉ።

ቀጣዩ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት፣ በቀን፣ ደልዳላ ቦታ ላይ መኪናውን አቁሙ። ታኮውን አስገቡ። መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቢሆን ምልክቱን አውጥታችሁ በምን ያህል ደቂቃ እንደምታስቀምጡት ሞክሩ። ጣውላውን አንጥፋችሁ ክሪኩን አንሱ፣ ለሩብ ሰዓት ተዉት፣ ወረደ አልወረደም እዩ። አንድ ዳዶ በያዛችሁት ቁልፍ ፍቱና መልሳችሁ አጥብቁ። ረዳቱም በተራው ይሥራው፤ ብቻውን ሲሆን የት ምን እንዳለ ይወቅ። ያልሠራውን በወረቀት ጻፉ፣ ወረቀቱን መሪው ላይ ለጥፉ፣ እስኪሟላም አትጫኑ።