ፍሬድ ሳንገርን የሚያባርር መመሪያ

ባለፈው ሳምንት አንድ ዩኒቨርሲቲ መምህራኑን ሰብስቦ አዲስ ውሳኔ ነገራቸው። ከእንግዲህ በዓመት ሁለት ጥናታዊ ጽሑፍ ያላሳተመ መምህር የማዕረግ እድገት አያገኝም። ለላብራቶሪው የሚሰጠው ገንዘብም ይያዝበታል። ኮሚቴው አጽድቆታል፤ የቀረው ሴኔቱ ብቻ ነው። አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። ውሳኔው ራሱ አናዶኛል፤ ደሜን ያፈላው ግን ጥያቄ ሲበዛባቸው ኃላፊው የሰጡት መልስ ነው። «የኖቤል ተሸላሚዎችም እዚያ የደረሱት በየዓመቱ ብዙ ስላሳተሙ ነው» አሉ። ከኋላ ያሉት አጨበጨቡ።

ኬሚስትሪ ሳስተምር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ ዝም ብዬ ወደ ቤቴ መሄድ አልችልም። በኬሚስትሪና በሞለኪዩላር ባዮሎጂ የተሸለሙ ሰዎችን ሕይወት አንዴ እንኳ ገልጦ ያየ ሰው ይህን አይናገርም። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

ፍሬድሪክ ሳንገርን እንውሰድ። በኬሚስትሪ ሁለት ጊዜ ኖቤል የተሸለመ የመጀመሪያው ሰው ነው፤ በ1958 እና በ1980 (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። ባሪ ሻርፕለስ በ2022 እስኪደግመው ድረስ ብቻውን ነበር። በኃላፊው ሒሳብ ከሄድን ከሳንገር የበለጠ የሚያሳትም ሰው ሊኖር አይገባም። እስቲ ምን እንደሠራ እንይ።

በ1943 ካምብሪጅ ውስጥ ዶክትሬቱን እንደጨረሰ አንድ ጥያቄ ያዘ። ኢንሱሊን የተባለው ፕሮቲን የተሠራባቸው ትንንሽ ጡቦች፣ አሚኖ አሲዶቹ፣ በምን ቅደም ተከተል ነው የተደረደሩት? በዚያ ዘመን ፕሮቲን ቁርጥ ያለ ቅደም ተከተል እንዳለው የሚጠራጠሩ ብዙ ሊቃውንት ነበሩ። ጥያቄው መልስ ይኑረው አይኑረው እንኳ በውል አይታወቅም ነበር። ሳንገር ሙሉውን አወቃቀር የጨረሰው በ1955 ነው። ኢንሱሊን ያሉት 51 አሚኖ አሲዶች ብቻ ናቸው። ለ51 አሚኖ አሲድ 12 ዓመት!

ሥራው ምን ይመስል እንደነበር ልንገራችሁ። የከብት ኢንሱሊን ይወስዳል። የፕሮቲኑ ጫፍ ላይ ሲጣበቅ ቢጫ የሚሆን ኬሚካል ያያይዝበታል። ከዚያ በአሲድ ይሰባብረዋል። ስብርባሪውን ፊልተር ወረቀት ጥግ ላይ ጠብ ያደርገዋል። ወረቀቱ ፈሳሹን እየመጠጠ ሲሄድ ቁርጥራጮቹ አብረው ይጓዛሉ፤ አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይቀራል። መልሶ አንዷን ነጠብጣብ ቆርጦ ያጥባል፤ እሷንም ይሰብራታል። በመጨረሻ የአንዱ ቁራጭ ጫፍ ከሌላው ጋር የሚደራረብበትን እየፈለገ ይገጣጥማል። የተቀዳደደ ደብዳቤ እንደመግጠም ነው፤ ደብዳቤው ግን በማታውቀው ቋንቋ ተጽፏል።

ይህን ወረቀት ለተማሪዎቼ ማሳያ ስል ብዙ ጊዜ ሠርቼዋለሁ። ማታ ሰቅለኸው ትሄዳለህ። ጠዋት መጥተህ ቀለሙን ትነፋበታለህ፤ ታሞቀዋለህ፤ ሐምራዊ ነጠብጣቦች ብቅ ይላሉ። ወረቀቱን በባዶ እጅ ነክተኸው ከነበረ ግን የጣትህ አሻራም አብሮ ሐምራዊ ሆኖ ይወጣል። የላብህ አሚኖ አሲድ ነው። አበላሸኸው ማለት ነው። ትጥለዋለህ፤ ማታ እንደገና ትሰቅላለህ። አሁን ይህን እያሰባችሁ ሳንገር ከባልደረቦቹ ከሃንስ ቱፒና ከቴድ ቶምፕሰን ጋር ስንት ወረቀት እንደሰቀለ ገምቱ። በዚህ መሐል አንድ ሰው በር አንኳኩቶ «የዘንድሮው ሁለት ጽሑፍህ የታለ?» ቢለው ምን ይመልሳል?

ይህ የመጀመሪያው ሽልማት ታሪክ ነው። ለእኔ የሚበልጠው ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። ሳንገር ከኢንሱሊን በኋላ የዘር መልእክት ወደሚያደርሰው አርኤንኤ፣ ቀጥሎም መልእክቱ ወደተጻፈበት ዲኤንኤ ዞረ። በመሐሉ ረጅም ጊዜ ትልቅ የሚባል ውጤት አላወጣም። እሱ ራሱ እነዚያን ዓመታት ፍሬያቸው የሳሳ ዓመታት አድርጎ ነው የሚያስታውሳቸው። ማንም ላብራቶሪውን አልዘጋበትም። በ1977 የአንዲት ቫይረስን ዲኤንኤ ከዳር እስከ ዳር አነበበ፤ ከአምስት ሺህ በላይ ፊደል። በዚያው ዓመት ዲኤንኤ የሚነበብበትን አዲስ ዘዴ አወጣ። ሁለተኛውን ኖቤል ያመጣለት ይህ ነው። በ2003 ተጠናቀቀ የተባለው የሰው ልጅ ጂኖም፣ ማለትም ሙሉው ዲኤንኤ፣ በዋናነት የተነበበው ከዚህ ዘዴ በወጣ አሠራር ነው። በ1983 ጡረታ ወጣ፤ ቤቱ ገብቶ አትክልቱን ሲንከባከብ ኖረ።

ሳንገር በ2013 ሲያርፍ ሲድኒ ብሬነር ስለ እሱ ጻፈ። ብሬነር ራሱ በ2002 ኖቤል የተሸለመ የሞለኪዩላር ባዮሎጂ አንጋፋ ነው፤ ከሳንገር ጋር በአንድ ተቋም ሠርቷል። በዛሬው የሳይንስ ዓለም ፍሬድ ሳንገር አይተርፍም ነበር አለ። ከኢንሱሊን ሥራው እስከ 1967 የአርኤንኤ ጽሑፉ፣ ከዚያም እስከ 1977 ያለውን ክፍተት አንድ ኮሚቴ አይቶ «ይህ ሰው ፍሬ የለውም» ብሎ ድጋፉን ይነጥቀው ነበር ሲል ጻፈ። አዳራሹ ውስጥ የተነበበልን መመሪያ ብሬነር የፈራው ኮሚቴ ነው። ቃል በቃል እሱ ነው። እኛ ደግሞ አጨበጨብንለት።

አንድ ሰው ብቻ መዘዝክ እንዳልባል፣ እዚያው ካምብሪጅ ማክስ ፔሩትስ አለ። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ፕሮቲን፣ ሄሞግሎቢንን፣ በኤክስሬይ ማጥናት የጀመረው በ1937 ነው። የሞለኪዩሉን ቅርጽ ያየው በ1959። ከ22 ዓመት በኋላ! በ1962 ተሸለመ። ካታሊን ካሪኮን ደግሞ የማያውቅ የለም። ሴል ፕሮቲን እንዲሠራ ትእዛዝ የሚያደርሰው ኤምአርኤንኤ ለሕክምና ይሆናል ብላ ስትሟገት የምርምር ገንዘብ የሚሰጣት አጣች። በ1995 ከነበረችበት ማዕረግ ዝቅ ተደረገች። ከድሩ ዋይስማን ጋር ያወጡትን የ2005ቱን ጽሑፍ ያኔ ልብ ያለው ጥቂት ሰው ነው። በኮሮና ጊዜ ክንዳችንን ይዘን የተሰለፍንላቸው ኤምአርኤንኤ ክትባቶች የቆሙት እዚያች ጽሑፍ ላይ ነው። የ2023 ኖቤል የተሰጠውም ለዚያ ነው። በዚያ የዩኒቨርሲቲ ፎርም ያቺ ጽሑፍ አንድ ነጥብ ናት። በሦስት ሳምንት የተሰፋ ጽሑፍም አንድ ነጥብ ነው።

የራሳችንንም ሰው ላንሳ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ያንን አንድ ነገር ይዘው ዕድሜያቸውን ሙሉ ተከታተሉት። ከእንዶድ ተነጥሎ የወጣው መርዝ ለማቶክሲን ተብሎ በስማቸው ተጠራ። ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ያገኙት በ1989 ነው። ከዚያች ወንዝ ዳር እስከ ሽልማቱ 25 ዓመት ነው።

«ታዲያ ምንም የማይሠራውን መምህር ምን እናድርገው?» ይሉኛል። አለ፤ አልክድም። ዓመት ጠብቆ ደመወዝ የሚበላ አለ። ግን ይህ መመሪያ እሱን አይነካውም። እሱ መንገዱን ያውቀዋል። ገንዘብ ከፍለህ ያለ ገምጋሚ ጽሑፍህ የሚወጣበት ጆርናል እንደ ጉድ ፈልቷል። ኢሜይላቸው በየቀኑ ይደርሰኛል፤ አንዴም ስለ ጥርስ ሕክምና ጻፍልን ብለውኛል። ሰነፉ ሁለቱን ጽሑፍ በዚያ በኩል ያስወጣና ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር እያለ ይወጣል። መመሪያው የሚይዘው ከባድ ጥያቄ አንስቶ የሚለፋውን ሰው ብቻ ነው። እኔ ክፋት እንጂ ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

መለካት ካለባቸው ይለኩ። ላብራቶሪው ድረስ ይምጡ። ሥራውን የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ደብተሩን ያንብቡ፤ ተመራማሪውን አፋጠው ይጠይቁ። ፔሩትስ ይመራው በነበረው የካምብሪጅ ተቋም ሰው የሚመዘነው በጽሑፍ ቆጠራ አልነበረም። ያ አንድ ቤት ስንት ኖቤል እንዳፈራ ኃላፊው ይዩት። ኮሚቴ ፎርም ላይ ቁጥር መደመሩ ቀላል ሥራ ስለሆነ ብቻ እኛ ለምን እንከፍላለን?

ክፍላችን ውስጥ አንዲት ወጣት ባልደረባ አለችን። ስሟን አልጠራም። ሦስት ዓመት ከአንድ ኤንዛይም፣ ኬሚካላዊ ለውጥ ከሚያፋጥን ፕሮቲን፣ ጋር ስትታገል ቆይታለች። ከእንሰት ቡኮ ላይ ያገኘችው ባክቴሪያ ነው የሚሠራው። ኤንዛይሙን ንጹሕ አድርጋ ልታወጣው ትንሽ ነው የቀራት። መብራት በጠፋ ቁጥር ናሙናዋን በረዶ ውስጥ ቀብራ አጠገቡ ትቀመጣለች። ከስብሰባው ስንወጣ ደረጃው ላይ ያዘችኝ።

«ጋሼ፣ ያለኝን ለሁለት ቆርጬ ላሳትመው እንዴ?» አለችኝ።

«አልቋል እንዴ ሥራው?»

«የት አልቆ! ግን ሰኔ ሠላሳ ፎርሙ ይገባል።»

መልስ አልነበረኝም። «ተይው፤ ሥራሽን ጨርሺ» ብላት እድገቷን የሚከለክሏት እሷን ነው፤ እኔን አይደለም። ሴኔቱ የሚቀመጠው በሚቀጥለው ሐሙስ ነው። ከመፈረማቸው በፊት አንዳቸው እንኳ ወደዚያ ላብራቶሪ ይውረዱ። ፍሪዘሩ አጠገብ ሦስት ደብተር አለ፤ እስከ መጨረሻው ገጽ ተሞልቷል። ተቀምጠው ያንብቡት።